አያ ጅቦና የዓሣው እሾህ

አንድ ጊዜ ከሐይቅ ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ አንድ ጅብ ከሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ልጁን እንኮዬ ይላታል። እናቷ በክረምቱ ሞታለች፤ ወተቱም ከእናቷ ጋር ቀረ። እንኮዬ ገና ሁለት ጥርስ ብቻ ነበራት። አባቷ የሚያመጣላትን የበሬ አጥንት ልሳ ልሳ ትተወዋለች። እህል ካልቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ጠዋት አያ ጅቦ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ፣ ማዕበል ከደንገሉ መሀል የጣለው ትልቅ የቆሮሶ ዓሣ ሲንፈራገጥ አየ። ዘሎ ወደቀበት። ዓሣው ሾልኮ አመለጠው። እንደገና ዘለለ፤ አሁንም አመለጠው። በሦስተኛው እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ይዞ አያውቅም። አፉ ውስጥ እየተወራጨ ያለውን ዓሣ ይዞ ሽቅብ በረረ። ዛሬ ልጄ ትበላለች እያለ ቁልቋሉን ሁሉ እየዘለለ አለፈ።

ዋሻው ደጅ ሲደርስ ግን ግራ ገባው። ዓሣ እንዴት ይበለታል? ሽታው የጠራት ቀበሮ ከኋላው ደርሳ ነበር። እንኳን ደስ አለዎት አለችውና የሐይቁ ሰዎች ዓሣ ሲበልቱ በዓይኗ ማየቷን ነገረችው። አያ ጅቦም ለልጁ እንድታዘጋጅለት ለመናት።

«አዘጋጃለሁ። ድካሜን ብቻ አይርሱት» አለች። «ያ ለስላሳው ሥጋ ለእኔ ይሁን፤ አጥንቱ ለእርስዎ።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አላመነም። «አጥንቱ በሙሉ?»

«ከነጭንቅላቱ። ለስላሳ ነገር ለጅብ ቤት ምን ያደርጋል አያ ጅቦ? ሰው ቢሰማ ይስቅብዎታል።»

ይህች ቀበሮ ዛሬ ጤና የላትም ብሎ በሆዱ ሳቀ። ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ በይ አላት።

ቀበሮ ዓሣውን እንዳያዳልጣት በሣር ጠርጋ አደረቀችው። ስለታም ባልጩት አነሣች። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከጎን ክንፉ ሥር፣ አጥንት እስኪነካ ቆረጠች። ከዚያ ስለቱን ወደ ጅራቱ አዞረችና የጀርባውን አጥንት አስታካ ሸርተት አደረገችው። ሥጋውን ከጎድኑ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ገለጠችው። ገልብጣ ሌላውንም ጎን እንዲሁ አደረገች። ቆዳውን ከታች አስተኝታ ከጅራቱ በኩል ገፈፈችው። ሁለት ነጭ ቁራጭ ሥጋ ወጣ።

አያ ጅቦ ሥጋውን ዞሮም አላየው። ዓይኑ ከአጥንቱ ላይ አልተነቀለም። በጀርባው ቀጥ ብሎ እንዴት እንደሚሄድ፣ በሆዱ በኩል እንዴት እንደሚጎብጥ፣ መሀል ላይ የተሰካካው ደቃቅ እሾህ የት እንደሚያልቅ፣ ምራቁን እየዋጠ አንድ በአንድ አየው።

ቀበሮ ባልጩቱን ጥላ ሥጋዋን ነከሰችና እብስ አለች። አያ ጅቦም አጥንቱን በኩራት ከእንኮዬ ፊት አኖረው።

ልጂቱ አንዴ እንደነከሰች አነቃት። ቀጭን እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ዓይኗ ፈጠጠ። አያ ጅቦ የበሬ ጭን የሚሰብረውን መንጋጋውን ከፍቶ፣ በፊት ጥርሱ ጫፍ እሾኋን ቀስ ብሎ መዘዛት።

«አባዬ፣ ይወጋል» አለችው።

ቀበሮን አሳዶ ሊሰባብራት ተነሣ። ደጁ ላይ ደርሶ ዞር ሲል የልጁን ጎን አየ። ቆዳዋ ከአጥንቷ ተጣብቋል። ቀበሮን ተወና ወደ ሐይቁ ሮጠ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሌላ ቆሮሶ ይዞ ተመለሰ። በሣር ጠረገው። ባልጩቱን በጥርሱ ነከሰ። ሥጋው እንዴት እንደተቆረጠ ትዝ አላለውም፤ የአጥንቱ መንገድ ግን አልጠፋውም። ያንን መንገድ ብቻ ተከተለ። መንጋጋው ከባድ ነውና ግማሹ ሥጋ አጥንቱ ላይ ቀረ። የወጣውም ቁራጭ የተቦጫጨቀ ነበር። ቢሆንም ወጣ።

መዳፉ ወፍራም ስለሆነ እሾህ አይለይም። ስለዚህ ሥጋውን አፉ ውስጥ ከተተው። ሥጋ አፉ ገብቶ ተመልሶ ወጥቶ አያውቅም። ጉሮሮው ጎተተው፤ ሆዱ ጮኸበት። ዓይኑን ጨፍኖ በምላሱ ጫፍ ዳር እስከ ዳር ዳበሰው። አንድ እሾህ አገኘና ተፋው። እንደገና ዳበሰው። ሌላ አገኘ፤ እርሱንም ተፋው። ለሦስተኛ ጊዜ ዳብሶ ምንም ሲያጣ፣ ሥጋውን አውጥቶ በእንኮዬ ምላስ ላይ አኖረው።

ትንፋሹን ይዞ ጉሮሮዋን አየ። ዋጠች። አላሳለችም።

«አባዬ» አለች አፏን እየላሰች፣ «ሌላ አለ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ለማጥገብ ለእኛ የጣፈጠንን ማቅረብ እንደማይበቃና አስቀድሞ የልጁን ጉሮሮ ማወቅ እንደሚያሻ ነው።