ሃያ ጣት ያሉት ዐሥራ ሁለቱ

ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ቁጥር አለበት ብላችሁ እንዳትሸሹ።

አንድ ንጉሥ የአንዲት ኮከብ ከፍታ ከአድማስ ጀምሮ በጣት ስፋት እንዲለካ አዘዘ። ሊቀ ከዋክብቱ ድልነሳሁ አንዴ አየና «ሃያ ጣት!» ብሎ ደመደመ። አንዲት ምላሰኛ ገመድ ሠሪ ግን ስድስት ጎረቤቶቿን በጣት ልክ ምልክት በተደረገበት አንድ ዘንግ ለየብቻ አስለካች፤ ቁጥሮቹን ደምራ ለስድስት አካፈለችና «ዐሥራ ሰባት ነው» አለች። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ አብዝቶ ሲሳሳት ሌላው አሳንሶ ይሳሳታል፣ ሲደመሩ ስህተቶቹ ይጠፋፋሉ።

ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰና ተጠራች።

«ጃንሆይ» አለ ድልነሳሁ ካባውን እያስተካከለ፣ «ዐሥራ ሁለት ደቀ መዛሙርቴ ለክተው ሁሉም ሃያ አሉ። በአንዲት ጣት እንኳ አልተለያዩም! የዚህች ጎረቤቶች ግን አንዱ ዐሥራ አምስት፣ አንዱ ዐሥራ ስምንት ይላሉ። እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም!»

ንጉሡ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «መልስ ካጣሽ ሠላሳ ጅራፍ ይጠብቅሻል።»

ምላሷ ግን አልታሰረም፤ ወደ ድልነሳሁ ዞራ ጠየቀች። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ የለካው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ! ከእኔ ማን ይቀድማል?»

«እንግዲህ ጃንሆይ፣ የእኔዎቹ የተለያዩት ኮከቧን ስላዩ ነው። የእሳቸው ዐሥራ ሁለቱ ያዩት ግን የጌታቸውን ፊት ነው።»

ንጉሡ ሳቁ አመለጠው፤ ጅራፉም ተመለሰ።

ካላመናችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት። ስድስት ሰው የበራችሁን ቁመት በዓይኑ ገምቶ በየወረቀቱ ይጻፍ፣ ደምራችሁ አካፍሉና በሜትር አመሳክሩት። በመካከላችሁ አለቃ ካለ ግን እሱ መጨረሻ ላይ ይናገር።