ከላይ የተሰካው ካርድ

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ስልክ ጠጋኝ ነበር። «እኔ የምታወቀው በድንቁርናዬና በመሰላሌ ነው፤ መሰላሉም የመንግሥት ነው» ይል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ፣ አሮጌው የቢሮ ስልክ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ የሚሰካ፣ ለእሳቸው ብቻ መስመር የሚሰጥ ካርድ አስገዙ። «የእኔ ከሁሉም በላይ ይሁን» ብለው አዘዙ። ጠጋኙም ከታች ከተደረደሩት የሠራተኞቹ ካርዶች በላይ፣ ጫፉ ላይ ሰካው። በስብሰባ ላይ ከአለቃ አጠገብ ያለው ወንበር ለክብር ባዶ እንደሚተው ሁሉ፣ ከካርዳቸው ሥር ያለውንም ቦታ ባዶ ተወው።

የአለቃው ስልክ ግን ጭጭ አለ። ጠጋኙ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፦

«ደንቆሮው አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ? ማሽኑ ነው ካልክ፣ ‹ገና ይሠራል› ብለህ እንዳይቀየር ያደረግከው አንተ ነህ። ‹እኔ ነኝ› ካልክም መሰላሉን አስረክበህ ውጣ!» አሉት።

ጠጋኙ ቆቡን አወለቀ።

«ደንቆሮውስ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሠላሳ ዓመት ለአለቃ ሳጎነብስ ኖሬ፣ ማሽኑም እንደ እኔ የሚያጎነብስ መሰለኝ። እሱ ለካ ካርዶቹን የሚቆጥረው ከታች ከእኛ ጀምሮ ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ‹ከዚህ በላይ ሰው የለም› ብሎ ይመለሳል። ካርድዎን ወደ እኛ ጠጋ ካላደረግነው በቀር፣ አለቃ አለን ብዬ ላሳምነው አልቻልኩም።»