እቴጌይቱ ያልደረሱበት ነገር

በሰንበሌጥ ሸለቆ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ከምንጩ መጀመሪያ የሚጠጡት ንጉሡ አንበሳ ናቸው፤ ቀጥሎ የምንጩ ጠባቂዎች ጅቦች፤ የቀረው አውሬ ደግሞ የደፈረሰው ውሃ እስኪጠራ ተሰልፎ ይጠብቃል። በየአስራ አምስት ቀኑ ከዋርካው ሥር ጉባኤ ይደረጋል። በጉባኤው ማንም የመሰለውን የመናገር መብት ነበረው፤ ጸሐፊው ቀበሮም የተናገረውን ሁሉ ስም የመያዝ ግዴታ ነበረበት።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚወደደው ግን የንጉሡ እናት የእቴጌ አስካለ ምርመራ ነበር። እንቁላል ሲጠፋ፣ ማር ሲጠጣ፣ ጎጆ ሲፈርስ፣ እቴጌይቱ ዱካ አሽትተው፣ አንድ ሁለት ምስክር ጠይቀው፣ በጉባኤ ፊት ጥፋተኛውን ያወጡታል። የንቦቹን ማር የጠጣችው ጦጣ መሆኗን ያወቁት ከጢሟ ላይ በተጣበቀች አንዲት የንብ ክንፍና በአንዲት ሽኮኮ ምስክርነት ነው። ጦጣዋ ሳምንት ሙሉ ጥላ እንድትይዝላቸው ተፈረደባት፤ ራሷም ሳትቀር ሳቀች። አገሩ ፍትሕ ባያገኝም ወግ አላጣም።

አንድ ጊዜ አዛውንቱ አጋዘን አያ ድማሙ ከጉባኤው መካከል ተነሥተው፣ «ለመሆኑ ምንጩ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በአራተኛው ቀን ከገደሉ ሥር ሞተው ተገኙ። ንጉሡ «አዳልጧቸው ነው» አሉ። ገደል ላይ ተወልዶ ገደል ላይ ያረጀ አጋዘን አዳለጠው መባሉን ግን የዋሁ በግ እንኳ አላመነም። ማጉረምረም ሲበዛ ንጉሡ ቃላቸውን ለወጡ። ግድያ ነው ተባለና፣ በሾላ ፍሬ ከሟቹ ጋር የተጣላው ዝንጀሮ ገርቢ በሐረግ ታሰረ። እቴጌይቱ በሦስት ቀን መርምረው ሌላ ጥፋተኛ ካላገኙ ከዚያው ገደል ይወረወራል።

እውነቱን የምታውቀው ጃርቷ ትርንጎ ነበረች። አያ ድማሙ በሞቱ ዕለት ጎህ ሲቀድ ከገደሉ አናት ላይ የሚበላ ሥር እየቆፈረች ሳለ ሁሉንም አይታለች። ያየችውን ለባሏም አልነገረችም። እህል አልወርድ ብሏት፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እየደነገጠች ሁለት ቀን ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እቴጌ አስካለ ብቻቸውን መጥተው ከጉድጓዷ ደጃፍ ተቀመጡ።

«ትርንጎ፣ ደኅና ነሽ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እቴጌ። ምነው በእግርዎ?»

«የአያ ድማሙ የኋላ ሰኮናዎች መሬቱን ወደ ኋላ ቧጥጠውታል። የሚያዳልጠው እንዲህ አይቧጥጥም፤ የሚገፉት ነው እንዲህ የሚሆነው።» ይህን ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁለት የጃርት እሾሆች ነበሩበት። «እነዚህን ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ካለ ቁጥቋጦ ሥር አገኘኋቸው። አይተሻል፤ አይደል?»

ትርንጎ እሾሆቹን አየች። «ብናገር ምን እሆናለሁ፣ እቴጌ?»

«ምን ትሆኛለሽ? በጉባኤ ስምሽን ጠርቼ አመሰግንሻለሁ። እኔ አለሁልሽ።»

«ስለ ጦጣዋ የመሰከረችው ሽኮኮ ዛሬ የት ናት?»

«ቆላ ወረደች። ልጄ ነግሮኛል።»

«ስለ እንቁላሉ የመሰከረችውስ ቆቅ?»

«እሷም...» እቴጌይቱ ንግግራቸውን አልጨረሱም።

«ሽኮኮዋ ቆላ አልወረደችም» አለች ትርንጎ። ከጀመረች ወዲያ ማቆም አቃታት። «ልጆቿን ጥላ የት ትሄዳለች? ይኸው ከኔ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ የማበላቸው እኔ ነኝ። ጅቦቹ እርስዎ በጉባኤ ያመሰገኑትን ሁሉ በሳምንቱ ይወስዱታል። ዛሬ ስለ ማር ያየ ነገ ስለ ሌላም ያያል እያሉ። አገሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከጉድጓዱ ውስጥ ሦስት የሽኮኮ ግልገሎች አንገታቸውን ብቅ አድርገው አንበሳዪቱን ሲያዩ ተመልሰው ገቡ። እቴጌ አስካለ ወደ ገቡበት ጨለማ ሲያዩ ቆዩ። ብዙ ዓመት የአውሬ ዱካ ያነበቡ ዓይኖች ነበሩ፤ አሁን ግን ማረፊያ አጡ።

«ስማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ በአንድ። በኩራት።»

ትርንጎ ምንም ሳትናገር ልትሸኛቸው ትችል ነበር። ነገር ግን የታሰረው ገርቢ ትዝ አላት፤ እሱ ሲሞት እሷ ሥር እየቆፈረች ልትኖር ነው።

«የገፋው ሊጋባው ነው» አለች። ሊጋባ የጅቦቹ አለቃ ነው። «ከኋላው ቆመው የነበሩትን ደግሞ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቋቸዋል። ጡት ያጠቧቸው እርስዎ ነዎት።»

እቴጌይቱ ተነሡ። ሁለቱን እሾሆች በጥርሳቸው ነክሰው፣ ደኅና ዋይ እንኳ ሳይሉ ሄዱ። ትርንጎ ነፍሷን ለማን እንደሰጠች ሳታውቅ ወደ ጉባኤው ተከተለቻቸው።

ለገርቢ ፍርድ ከዋርካው ሥር አገሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ገርቢ እጆቹን ወደ ኋላ ታስሮ መሬት መሬት ያያል።

«እናቴ ሆይ፣ እስቲ የደረሱበትን ይንገሩን» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የዝንጀሮ እግር አልረገጠም። ዱካ ሳይተው የሚሄድ ዝንጀሮ ገና አልተወለደም። ይህ ንጹሕ ነው፤ ይፈታ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ሊጋባው ብድግ አለ። «እሱ ካልሆነ ታዲያ ማን ነው? ያየስ ማን ነው? እቴጌ ዛሬ ረፋድ ከጃርቷ ደጃፍ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ልጆቼ አይተዋል።»

የሁሉም አንገት ወደ ትርንጎ ዞረ። መሸሽ ፈለገች፤ እግሮቿ ግን እምቢ አሏት። ንጉሡ እናታቸውን በእርጋታ ተመለከቱ። «ምስክር ሲያገኙ ስሙን መጥራት ልማድዎ ነበር።»

እቴጌ አስካለ የቀኝ እግራቸውን አነሡ። መዳፋቸው እንደ ቅል አብጧል፤ ሁለቱ የጃርት እሾሆች ሥጋቸው ውስጥ እስከ ግማሻቸው ተቀርቅረዋል፤ ደም ይንጠባጠባል።

«የተቀመጥኩት ለዚህ ነው» አሉ። «ዱካ እፈልጋለሁ ብዬ ይህችን ጃርት ረገጥኳት። እሷም ስትጮህ፣ እኔም ስጮህ ረፈደ። ያየ አላገኘሁም። ማን እንደገደለ አልደረስኩበትም።»

መጀመሪያ ቀበሮው ሳቀ። ከዚያ ጅቦቹ፤ ከዚያ ሁሉም። የአገሩ መርማሪ ጃርት ረገጡ! ሳቁ ዋርካውን አናወጠው። እቴጌይቱ ሳቁ እስኪያልቅ እግራቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። ጉባኤውን ሲያዩ ዓይናቸው ትርንጎ ላይ አልቆመም፤ እንደማያውቋት አለፏት። እሷ ብቻ ነበረች እንባዋን የምትውጠው።

ንጉሡ አልሳቁም። የእናታቸውን መዳፍ ትኩር ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «ዝንጀሮውን ፍቱት» አሉ። «እናቴም ደክመዋል፤ ይረፉ። ከእንግዲህ የአገሩ ምርመራ ለሊጋባ ተሰጥቷል። የሚቃወም አለ?»

ጭብጨባ ተሰማ፤ ቀድሞ ያጨበጨበው ገና እጁ ከሐረግ የተላቀቀው ገርቢ ነበር። ሌሎቹም ተከተሉት።

አዲሱ መርማሪ እጅ አልነሣም፤ አላመሰገነምም። ዓይኑን በረድፎቹ መካከል ቀስ እያደረገ አዞረ። ያላጨበጨቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እቴጌይቱና ጃርቷ።