ሐይቁ የሸሸባቸው ሰዎች

አንድ ጋሬ የሚባል ሽማግሌ ነበረ። ዘመኑ ሰው ገና ማረስ ያልጀመረበት፣ ድንጋይ ጠርቦ እንደ ቢላ የሚጠቀምበት እጅግ የጥንት ዘመን ነው። ጋሬና ወገኖቹ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር ይኖሩ ነበር። ዓሣው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አጥግቧቸው ስለኖረ ሌላ ምግብ ፍለጋ ወጥተው አያውቁም።

ኋላ ግን ሰማዩ ጨከነ። ዝናቡ አንድ ዓመት ዘገየ፤ ከዚያ ጨርሶ ቀረ። ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች። የጋሬ የልጅ ልጅ ኢላ ከረሃቧ ብዛት ማልቀስ እንኳ ተወች። ጋሬ መሪ ነውና "ዝናቡ ይመጣል" ይላቸዋል፤ እሱ ራሱ ግን አያምነውም።

አንድ ረፋድ ላይ ከደረቁት ኮረብቶች በኩል የማያውቋቸው ሰዎች መጡ። ከንፈራቸው በውሃ ጥም ተሰነጣጥቋል።

"አባባ፣ ያለችንን ውሃ ሊጨርሷት ነው! እናባራቸው!" አለ የኢላ አባት።

ጋሬም ድንጋይ አነሳ።

ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ግን አልሸሸችም። ኢላን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ በያዘችው ሹል እንጨት መሬቱን መቆፈር ጀመረች። ውሃ ያዘለ ወፍራም ሥር አውጥታ ሰነጠቀችው፤ መርዝ አለመሆኑን እንዲያዩ መጀመሪያ ራሷ ገምጣ ለልጅቱ ዘረጋችላት። ኢላ እየተስገበገበች በላች።

ጋሬ ድንጋዩን ጣለ። ፈቀቅ ብሎም ወደ ኩሬዋ የሚወስደውን መንገድ ለቀቀላቸው።

ኩሬዋም ስትደርቅ ሁለቱ ወገኖች አብረው ተሰደዱ። ሥር ቆፍሮ ማውጣቱን እንግዶቹ አስተማሯቸው፤ ወንዝ ሲያገኙ ደግሞ የጋሬ ሰዎች ዓሣ ማጥመድ አሳዩአቸው። ዝናብ ካለበት አገር እስኪደርሱ ብዙ ሰው ቀበሩ። ኢላ ግን ደረሰች።

ውሎ አድሮ በቋንቋ መግባባት ሲጀምሩ ጋሬ ሴትየዋን ጠየቃት።

"ያን ቀን ድንጋይ ማንሳቴን አላየሽም ነበር?"

"አይቻለሁ አባባ፤ ፈርቼም ነበር። ግን ልጅቱን ሳያት መንገድ ላይ የቀበርኳት ልጄ መጣችብኝ።"

ጋሬ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

ወዳጆቼ፣ ዘመን ሲከፋ እንግዳ ሁሉ ያለችንን ሊቀማን የመጣ ይመስለናል። እኛ የማናውቀውን የመኖር ዘዴ ይዞ እንደሚመጣ፣ እሱም እንደኛ የሚያለቅስለት ሰው እንዳለው ማን ያስባል? እናንተስ በራችሁን የሚያንኳኳውን ሰው ስታዩ መጀመሪያ የሚታያችሁ ምኑ ነው?