ግድግዳውን የነካ ጣት

አንዲት እናት ባለፈው የካቲት ከደረጃ ወደቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን መኖር መቻላቸው አጠያያቂ ሆነ።

እኚህ እናት የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ሲወድቁ አጥንት አልተሰበረም፤ ሚዛናቸው ግን ተናጋ። አዳማ የሚኖረው ልጃቸው ያፌት ደረጃ ወደሌለው ቤቱ ሊወስዳቸው ፈለገ። እርሳቸው ቤታቸውን መልቀቅ አልፈለጉም። ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ተስማሙ። ሰኔ ሲያልቅ ከውድቀታቸው በኋላ በአካል እንቅስቃሴ የምታክማቸው ፊዚዮቴራፒስት ትፈትናቸዋለች። ያለ ድጋፍ በአንድ እግር እስከ አሥር ቆጠራ ከቆሙ በቤታቸው ይቆያሉ፤ ካልቆሙ ይሄዳሉ። ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ባለሙያዋ ታይ ቺ እና ቺ ጎንግ ከሚባሉት የቻይና እንቅስቃሴዎች ለአረጋውያን የሚስማሙትን መርጣ አስተማረቻቸው። እጅን ከትንፋሽ ጋር በዝግታ ማንሣት፣ በዝግታ ማውረድ፤ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሻገር። አንዱ እግር ሙሉውን ክብደት ሳይቀበል ሌላው አይነሣም። በየማለዳው ሶፋውን ገፋ አድርገው ሳሎናቸው ውስጥ ይሠሩ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ያፌት መጥቶ አያቸውና ሳቀ።

«እማዬ፣ ውሃ ውስጥ የምትሄጂ እኮ ነው የምትመስይው!»

«አንተ ደግሞ ስትራመድ ውሻ የሚያባርርህ ነው የምትመስለው። ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ትንፋሼን አታበላሽብኝ።»

አንድ ችግር ግን ነበረባቸው። እኚህ እናት ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሰው በአንድ እጁ ትኬት ይቀበላል፤ ሌላው እጁ ብረቱን ይዟል። ብረቱን የለቀቀ ይወድቃል። ሰውነታቸው ይህን አጥንቶታል። ስለዚህ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር፣ ሳያስቡት፣ ግራ እጃቸው የቁም ሣጥኑን ጠርዝ ይፈልግ ነበር።

ባለሙያዋ አየችው።

«እማማ፣ አሁን የቆመው እግርዎ ሳይሆን እጅዎ ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ በጣቴ ጫፍ ነው የነካሁት።»

«የጣት ጫፍም ይሸከማል።»

አራት ወር ሠሩ። የፈተናው ቀን ደረሰ፤ ያፌትም ከአዳማ መጣ። በመጀመሪያው ሙከራ አራት ላይ እግራቸው ወረደ። በሁለተኛው ስድስት ላይ ወረደ። ለሦስተኛው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆሙ። ባለሙያዋ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል ቆጠረች።

«… ዘጠኝ፣ አሥር! አለፉ፣ እማማ!»

«በቃ፣ ተሸንፌያለሁ» አለ ያፌት፤ ሊያቅፋቸውም ተነሣ።

እናቲቱ እግራቸውን አወረዱ። «ስምንት ላይ ግድግዳውን ነክቻለሁ» አሉ።

«እኔ አላየሁም» አለች ባለሙያዋ።

«እኔም አላየሁም፣ እማዬ።»

«እኔ ግን ነክቻለሁ።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የነካው አንድ ጣት ነው። የቆየውም ለቅጽበት ነው። ያየ ሰው የለም። ዝም ቢሉ ማን ይጎዳ ነበር? ይህን ጥያቄ አቅልላችሁ አትለፉት፤ እኛ በየቀኑ የምንመልሰው ዝም በማለት ነውና።

«ይቅር ብያለሁ» ትላላችሁ። ክብደታችሁ ያረፈው የት ላይ ነው? በይቅርታው ላይ ነው ወይስ ዛሬም በቂማችሁ ላይ? «በእግዚአብሔር ታምኛለሁ» ትላላችሁ። ጉዳያችሁ ቢሮ ሲደርስ ግን ጣታችሁ የማንን ትከሻ ይፈልጋል? «ልጆቼን ለፈቃዱ ሰጥቻለሁ» ትላላችሁ። እውነት ለቃችኋቸዋል?

መደገፍ ኃጢአት ነው አላልኩም። የደከመ ሰው ይደገፋል፤ ወንድምና እኅት የተሰጡንም ለዚሁ ነው። የምለው ሌላ ነው፤ ተደግፋችሁ ሳላችሁ «ቆሜአለሁ» አትበሉ። «ቆሜአለሁ» የሚለውን ሰው ማን ሊደግፈው ይመጣል? በሚወድቅበት ቀንስ ብቻውን አይደለምን?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከሰው ሁሉ ስትለዩ፣ ይህን አንድ ነገር መርምሩ፤ እጃችሁን ብታነሡ እግራችሁ ይሸከማችኋል? የማይሸከማችሁ ከሆነ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ።

እናቲቱስ ምን ሆኑ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ባለሙያዋ አራተኛ ሙከራ ልትጨምርላቸው ፈለገች። ያፌትም ይደገም ብሎ ለመነ። እርሳቸው ግን «ሦስት ነው የተባባልነው» አሉ። ጫማቸውን አጠለቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው «ማክሰኞ መኪና ይዘህ ና» አሉት።