ያለ ጥንድ የማይሞላ ዜማ

ሩቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለች ደሴት፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። በአገሯ ወግ የሙት ድግስ ተደግሶ የቀርከሃ ዋሽንት ካልተነፋ ሐዘን አይወጣም፤ ሴትዮዋም የሐዘን ልብሷን አታወልቅም።

ድግሱ ደረሰ። አሳማው ታረደ። አትሳቁ፣ የእነሱ ሙክት እሱ ነው! ጎደሬውም በጋለ ድንጋይ በሰለ።

ግን ማን ይንፋ? ቀርከሃው የእኛ ደራሼዎች ተሰብስበው የሚነፉትን ፊላ ይመስላል፤ እዚያ በጥንድ ነው የሚነፋው። ግማሹ ድምፅ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ። ጥንዶቹ ደግሞ ሟች ባሏና ሽማግሌው ጓደኛው ሃውማ ነበሩ።

«እህቴ፣ ለብቻዬ ብነፋው ያነክሳል» አሏት ሃውማ።

ልጇ ዋሪ ጊታሩን አንጠልጥሎ መጣ። «እማዬ፣ እኔ ልጫወትልሽ?»

«በዚህ ሳጥን?» አሉ ሃውማ። «አባትህን ልትሸኝ ነው ልታባርር?»

«እርስዎስ ለብቻዎ ፉ ፉ ሲሉ ዶሮ ሊጠሩ ነው?»

እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። እነዚህ ሁለቱ ሲነቋቆሩ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ልትቀር ነው!

ብድግ አለች። «ዋሪ፣ አባትህ ሲነፋ እኮ እቅፉ ውስጥ ነበር የምትተኛው። የእሱን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ በጊታርህ ሙላው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎም የራስዎን ይንፉና ለልጁ ቦታ ይተዉለት።»

ሃውማ እያጉረመረሙ ነፉ። ዝም ሲሉ ዋሪ ክሩን መታ። መጀመሪያ ተጋጩ። ደግመው ነፉ፤ ደግሞ መታ። ከዚያማ ዜማው ሞላ! ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «እሱ ነው፣ ራሱ ነው!» አሉ። ሴትዮዋም ልብሷን ቀይራ ወጥታ ጨፈረች።

ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ ጊታር ትወድ ነበር ብላችሁ ነው? ኧረ አትወድም! ልጇን ግን ትወዳለች።

እናንተስ? ልጆቻችሁ በኪቦርድ ሲዘምሩ «ይሄ ደግሞ መዝሙር ነው?» የምትሉ የላችሁም? እናንተ ወጣቶችስ፣ እናታችሁ በከበሮ ስትዘምር ጆሮአችሁ ላይ ማዳመጫ የምትሰኩ?

ጌታ ለአንዳችን ብቻ ሁሉንም ድምፅ አልሰጠም። ለምን ይመስላችኋል? እንድንፈላለግ ነዋ!

እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጃችሁን «ያችን መዝሙርህን አሰማኝ» በሉት። ይደነግጣል፤ ይደንግጥ። ባይገባችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ሲጨርስ ደግሞ «አሁን የእኔን አብረኸኝ ዘምር» በሉት።