ስለ ሕዝቡ የሚቀምሰው ሹም

ነገሩ ድሮ ነው። ቁጭ በሉና ስሙ፤ መሀል ላይ አትጠይቁኝ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ሽብሩ የሚባል ሥጋ ሻጭ ነበረ። በየቅዳሜው አንድ በሬ ያርዳል፤ ከሽያጩ ሌላ በሬ ይገዛል። ሌላ ሀብት አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ ድንበሩ የሚባለው የገበያው ሹም ቢላዋውን ይዞ መጣና ሻኛውን ጎመደ።

«ጌታዬ፣ ዋጋውስ?» አለ ሽብሩ።

«የምን ዋጋ? ሥጋው በሽታ ቢኖረውስ? ስለ ሕዝቡ ብዬ እኮ ነው የምቀምሰው!»

ሻኛው በቅምሻ አለቀ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዳቢቱን ቀመሰ፤ ስለ ሕዝቡ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሽንጡን ቀመሰ። የተረፈውንም ስለ ሕዝቡ ብሎ ቤቱ ወሰደ።

የዚያን ቀን ሽያጭ ለበሬ አልበቃም። ሽብሩ ወይፈን ገዛ።

«እንዲህ ከቀጠለ ለፋሲካ ዶሮ ልታርድ ነው» አለችው አመዘነች የምትባለው ሚስቱ።

«ምን ላድርግ? ሹም ነው።»

«አገር ገዢው ደጃዝማች ዘንድ እንሂድ።»

«ልንከሰው?»

«ልናመሰግነው።»

አመዘነች አንድ እንስራ ኮሶ በጥብጣ ባሏን አሸክማው ሄዱ። ሹሙም ተጠራ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ስለ እኛ ብሎ ሥጋ ይበላል» አለች።

«እውነት ነው?» አሉ ደጃዝማቹ።

«እውነት ነው። ስለ ሕዝቡ የማልሆነው የለም» አለ ሹሙ ደረቱን ነፍቶ።

«እግዜር ይስጠው። እንግዲህ ጥሬ ሥጋ የበላ ኮሶ ይታየዋል፤ መድኃኒቱንም ይጠጣል። ሥጋውን ስለ እኛ ከበላ፣ መድኃኒቱንም ስለ እኛ ይጠጣልን» አለች አመዘነች።

ደጃዝማቹ ዋንጫ አስመጡ።

«ልክ ነው። ጠጣ!»

የመጀመሪያውን ዋንጫ ስለ ሽብሩ ቤት ጠጣ። ፊቱ ጠቆረ። ሁለተኛውን ስለ ገበያተኛው ጠጣ። ሦስተኛው ሲቀዳ ተንበረከከ።

«ማሩኝ! ይኼኛውስ ስለ ማን ነው?»

«ስለ እኔ» አሉ ደጃዝማቹ። «ኮሶ ከጠጣሁ ሁለት ወር ሞልቶኝ ነገ ልጠጣ ነበር። ገላገልከኝ።»

ጠጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። አጥር ዘሎ ሲሮጥ ግን ያዩት አሉ።

ሽብሩ በሬውን በበሬ መተካት ቀጠለ። ሹሙ በደጁ ሲያልፍ ይጠራዋል።

«ጌታዬ፣ አይቀምሱም?»

«ጾም ይዣለሁ» ይላል።

የፋሲካ ዕለትም እንዲሁ አለ።

ተረቴ ይኸው ነው። ቃሉን ያዙ፦ በሰው ስም የጎረሰ፣ በሰው ስም ኮሶ ይጠጣል።